ሻምበሉና ዳመና

አንድ የባቡር ነጂ ነበር። በድሬዳዋና በጅቡቲ መካከል ሲመላለስ ዕድሜውን የጨረሰ፣ ፊቱን የበረሃ ንፋስ የጠበሰው፣ ሳቁ ከባቡሩ ጡሩንባ የማይተናነስ ሰው። ደምሴ ይባላል። ሁለት ልጆች ነበሩት፤ ታላቋ አልጋነሽ፣ ታናሹ ወንዳፍራሽ። እናታቸው በልጅነታቸው ስላረፈች፣ አባት መንገድ በወጣ ቁጥር ወንዳፍራሽን የምታበላው፣ የምታጥበው፣ አዝላ የምታስተኛው አልጋነሽ ነበረች። እሷም ገና ልጅ ናት እኮ። ከኋላ ለሚያያት አንቀልባው ራሱ እግር አውጥቶ የሚሄድ ይመስል ነበር።

ልጆቹ ትንሽ ከፍ ሲሉ ደምሴ ከጅቡቲ አንድ ካርቶን ይዞ መጣ። ውስጡ አሻንጉሊት ነው፤ ግን ድሬዳዋ እንዲህ ያለ አሻንጉሊት አይታ አታውቅም። አንደኛው በከዋክብት መሃል ይዋጋል የተባለ ጋላቢ ነው። ራሱ ላይ ድስት የመሰለ ቆብ ደፍቷል፣ ደረቱ ላይ የሚያብለጨልጩ ቁልፎች አሉት፣ ወገቡ ላይ ጨረር የሚተፋ ሽጉጥ ታጥቋል። ሁለተኛዋ የሚጋልባት እንስሳ ናት። እሷን እንግዲህ ምን ብዬ ልንገራችሁ? እግሯ የግመል፣ ጆሮዋ የሌሊት ወፍ፣ አፍንጫዋ እንደ ቱቦ የረዘመ የአዋልዲጌሳ፣ ጭራዋ የእንሽላሊት። የሠራት ሰው ፈጣሪ ከፈጠረው ሁሉ ትንሽ ትንሽ የቆነጠረ ይመስላል። ጀርባዋ ላይ ክፍት ቦታ አለ፤ ጋላቢው እግሮቹን እዚያ ውስጥ ሲያስገባ ጠቅ ይልና ተመቻችቶ ይቀመጣል።

የአባት ኪስ ከአንድ ካርቶን በላይ አልቻለም። ልጆቹ ደግሞ ሁለት ናቸው። ደምሴ መሬት ላይ ተቀመጠና ጋላቢውን ለወንዳፍራሽ፣ እንስሳዋን ለአልጋነሽ ሰጠ።

«ሻምበሉ የወንዴ ነው። ዳመና የአልጌ ናት፤ ከሰማይ ስለመጣች ስሟ ዳመና ይሁን» አላቸው። «እንግዲህ ተጫወቱ።»

ተጫወቱ። ወንዳፍራሽ ሻምበሉን ለማዝመት ሲፈልግ እህቱን መለማመጥ አለበት። አልጋነሽም ዳመናን ባዶዋን ብትነዳት ጨዋታው አይጥማትም። የደቻቱ ወንዝ ደርቆ አሸዋ ብቻ ሲሆን፣ ሁለቱ እዚያ ወርደው ሌላ ዓለም ይከፍታሉ። እሱ ያዘምታል፣ እሷ ታስሮጣለች። ማታ አባታቸው ሲያጣቸው አሸዋ ለአሸዋ እየተጣራ ይመጣል።

ጊዜው ሄደ። አልጋነሽ አገባች፣ ቤዛ የምትባል ሴት ልጅ ወለደች፣ ባሏን ቀበረች። ወንዳፍራሽ ተማረ፣ ቢሮ ገባ፣ ከወንዙ ማዶ ቤት ያዘ። ደምሴ ጡረታ ወጥቶ ሲታመም አልጋነሽ ቤቷ ወስዳ አስታመመችው። ገላውን አጠበችው፣ በማንኪያ አጎረሰችው፣ በእኩለ ቀን ሙቀት አጠገቡ ተቀምጣ በካርቶን ክዳን አራገበችለት። እጇ ላይ እንዳለ አረፈ።

በሰልስቱ ዕለት ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ ወንዳፍራሽ ምስጋና ሊያቀርብ ቆመ። ንግግር ያውቅበታል፤ ቢሮ የገባ ሰው ነው። ዕድሩን አመሰገነ። ቄሱን አመሰገነ። ሐኪሙን፣ ምግብ ያመጡ ጎረቤቶችን፣ ወንበር ያዋሰውን ባለሻይ ቤት አመሰገነ። ድንኳኑ ውስጥ አምፖል የሰቀለውን የጎረቤታቸውን የሙሳን ልጅ እንኳ ስሙን ጠርቶ አመሰገነ። አልጋነሽ ከሴቶቹ መሃል ጥቁሯን ለብሳ ተቀምጣለች። አሁን ይጠራኛል፣ አሁን ይጠራኛል እያለች ትጠብቃለች። እሱ ግን «ቤተሰቡ ሁላችሁንም ያመሰግናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን» አለና ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ተነሣ።

አልጋነሽ ለማንም አልተናገረችም። ብቻ ከዚያ በኋላ ወንድሟ ቤት መሄድ ተወች። እሱ መጀመሪያ ምን ሆነሽ ነው ብሎ ሰው ላከ፤ «ምንም» ብላ መለሰች። ሌላ ሰው ላከ፤ አሁንም «ምንም»። ኋላ እሱም ተቀየመ። እሷ ማዶ፣ እሱ ማዶ። ድልድዩ ላይ ከተገናኙ አንዳቸው ወደ አሸዋው፣ አንዳቸው ወደ ሰማዩ እያዩ ይተላለፋሉ። ቤዛም እንደዚያ አጎት እያላት ያለ አጎት አደገች።

ሁለቱም ግን አሻንጉሊታቸውን አልጣሉም። ወንዳፍራሽ ሻምበሉን መደርደሪያው ላይ ሊያቆመው ይሞክራል፤ ሻምበሉ ይወድቃል። በጠርሙስ አስደግፎ ይሞክራል፤ ይወድቃል። ሲሰለቸው እንጨት ላይ በማስቲሽ አጣበቀው። አልጋነሽ በበኩሏ ዳመናን ቡፌዋ ላይ አቆመቻት። ጀርባዋ ላይ ያለው ክፍት ቦታ ባዶውን ሲያፈጥባት ጊዜ ስቴኪኒ ሞላችበት። እንግዳ በልቶ ሲጨርስ «ከዳመና ውሰዱ» ትላለች። ሁለቱም እንዲህ መላ ፈጥረው ኖሩ።

ታዲያ አንድ ጊዜ ለቤዛ ሽማግሌ ሊላክ መሆኑ ተሰማ። ጥሩ ልጅ ነው ያጫት፤ ቤቱ በደስታ ተተራመሰ። አልጋነሽን ግን አንድ ነገር አሳሰባት። ሽማግሌዎቹ መጥተው ሲቆሙ በአባት ቦታ ተቀምጦ የሚቀበላቸው ማን ነው? ጎረቤቶቿ የዕድሩን ዳኛ ይሁን አሏት። «ሰው ሞልቷል፤ ምን ቸገረኝ» እያለች ታልፋለች። አፏ እንዲያ ይላል። ዓይኗ ግን በመስኮቱ ወንዙን ይሻገራል።

ቤት ሲጸዳ ቤዛ ቡፌው ፊት ቆመች።

«እማዬ፣ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ይቺ ጉድ ስቴኪኒ ተሸክማ ልታፈጥባቸው ነው?»

«ምን አደረገችሽ?»

«ምንም አላደረገችኝም፤ ግን አፍንጫዋን እይው። ከዚራ ሰፈር ያሉት ጋሽ ሐምዛ አሮጌ አሻንጉሊት ይገዛሉ ይባላል። ውሰጂላቸው።»

አልጋነሽ ዳመናን በፌስታል ከታ ሄደች።

ጋሽ ሐምዛ የድሮ ዕቃ ዋጋ ገማች ናቸው። ከኒም ዛፍ ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ዝም ያሉ ሬዲዮዎች፣ የቆሙ ሰዓቶች፣ ከየፊልሙ የወጡ አሻንጉሊቶች ደርድረው ይቀመጣሉ። ከባሕር ማዶ ሳይቀር ሰብሳቢዎች ይደውሉላቸዋል። ዳመናን ከፌስታሉ ሲያወጧት ዓይናቸው በራ። አጉሊ መነጽራቸውን አደረጉ። ሆዷን ገልብጠው ማኅተሙን አነበቡ። እያንዳንዱን እግር ቀስ አድርገው አጠፉ፣ ዘረጉ። ፕላስቲኩን አሸተቱ። እንደ ሐኪም ነው የሚነኳት። ድንገት እጃቸው ቆመ።

«ይህ ጀርባዋ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ስቴኪኒ።»

«ስቴኪኒ?»

«ታዲያ ቀዳዳ ባዶውን ይዋል?»

ጋሽ ሐምዛ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«አቦ አልጋነሽ፣ ይህ ቀዳዳ አይደለም። ኮርቻ ነው።»

ስቴኪኒውን አንድ ባንድ መልቀም ጀመሩ። እየለቀሙ ይጠይቃሉ።

«ጆሮዋንስ ምን በላት?»

«ወንድሜ ነው። ጥርሱ ሲነቃነቅ ይነክሳት ነበር።»

«ጋላቢውስ የት አለ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ።»

«ወንዝ ማዶ ነው።»

«ጋላቢው ነው ወንድምሽ?»

«ሁለቱም።»

ጋሽ ሐምዛ ዳመናን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «እኔ ግማሽ ነገር አልገምትም። ሰው ክዳን ይዞ ይመጣና ድስቱ ስንት ያወጣል ይለኛል። ወንድምሽ ጋላቢውን ይዞ ይምጣ፤ ያኔ እንነጋገራለን።»

«እኔና እሱ አንነጋገርም።»

«እኔ እነጋገራለሁ» አሉና ስልካቸውን አንሥተው ወንዳፍራሽ ጋ ደወሉ፤ የከተማው ሰው ሁሉ ቁጥር አላቸው። ከአንድ ሻምበል ጋር ስለምትሄድ እንስሳ አንድ ሁለት ቃል ተናግረው ዘጉ። አልጋነሽ ልሂድ አለች፤ ግን ፀሐዩ ይብረድልኝ ብላ ተቀመጠች። እንዲህ ያለው ፀሐይ ደግሞ ቶሎ አይበርድም።

ወንዳፍራሽ ምሳውን አቋርጦ ነው የመጣው። የቢሮ መታወቂያው አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ሻምበሉን በመሐረብ ጠቅልሎ፣ እያለከለከ። በር ላይ እህቱን ሲያያት ትንፋሹን ሰብስቦ ፊቱን አኮሳተረ። ገባና ጎኗ ባለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሌላ ወንበር አልነበረም።

«ጋሽ ሐምዛ፣ እህቴን እንዴት ነሽ ይበሉልኝ» አለ ግድግዳውን እያየ።

«ጋሽ ሐምዛ፣ ደህና ናት ይበሉት። ደግሞ ከስተሃል ይበሉት፤ የሚያበላው ሰው የለም እንዴ?»

«አልከሳሁም ይበሏት። ሸሚዙ ሰፍቶ ነው።»

«ሸሚዙን የሚያጠብለት ሰውም የለም እንዴ ይበሉት።»

«እኔ ገማች ነኝ እንጂ ስልክ ነኝ እንዴ?» አሉ ጋሽ ሐምዛ። መሐረቡን ፈተው ሻምበሉን አወጡ። አዩት። እንጨቱን አዩት። እንደገና ሻምበሉን አዩት።

«ይህ ምን ጉድ ነው?»

«እየወደቀ ሲያስቸግረኝ በማስቲሽ አጣበቅሁት።»

«የሚወድቀው ለምን እንደሆነ ጠይቀህ ታውቃለህ? ጉልበቱን እየው፤ እንደታጠፈ ነው የተሠራው። ይህ ሰው በዳመና ላይ ካልሆነ ሽንት ቤት የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ለብቻው እንዲቆም አልተሠራም።»

አልጋነሽ ሳቋ አመለጣት። ወንዳፍራሽም ከንፈሩን ነከሰ፤ ግን አልቻለም፣ ሳቀ። ሲስቅ የአባቱ ሳቅ ነው የወጣው፣ ያው የባቡሩ ጡሩንባ። አልጋነሽ ይህን ስትሰማ ሳቋ ቀጥ አለ።

ጋሽ ሐምዛ ቀጠሉ። «እንግዲህ ስሙኝ። ሁለቱንም እንዳሉ ከሸጣችሁልኝ ደህና ዋጋ እሰጣችኋለሁ፤ ማላቀቁ የእኔ ጣጣ ይሁን። እናንተ ራሳችሁ እናላቅቅ ካላችሁ ደግሞ እግሩ ሊሰበር ይችላል። እግሩ የተሰበረ ጋላቢ ለሰብሳቢ አይሆንም፤ ከእኔም የምታገኙት የለም። ምረጡ።»

ማራገቢያው ጣሪያ ላይ ይዞራል። አልጋነሽ ሻምበሉን ከነእንጨቱ አንሥታ እጇ ላይ አገላበጠችው። እያገላበጠችው ሳለ ያልጠበቀችው ቃል ከአፏ ወጣ። ይህኛው በጋሽ ሐምዛ በኩል አልሄደም።

«ለምን ስሜን አልጠራህም?»

ወንዳፍራሽ ዞሮ አያት። «የት?»

«ድንኳን ውስጥ። ወንበር ያዋሰውን ጠራህ። አምፖል የሰቀለውን ጠራህ። እኔን ዘለልከኝ።»

ገባው። እንዳልገባው ለመምሰል አልሞከረም። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ።

«አንቺን?» አለ። «እኔ እኮ የቆምኩት ለሁለታችን ነበር። ‹ቤተሰቡ ያመሰግናል› አላልኩም? ቤተሰቡ ማን ነው? አንቺና እኔ ነን። ሐዘኑ የአንቺ፣ ድንኳኑ የአንቺ፣ አመስጋኟም አንቺ ነሽ። የሚመሰገነው የመጣ ሰው ነው። አንቺን ከነሱ ጋር ብጠራ እንግዳ ያደረግሁሽ መሰለኝ።»

አልጋነሽ እንዲህ ይሆናል ብላ አንድም ቀን አስባ አታውቅም። ወንድሟ ትንሽ ያደረጋት መስሏት ስንት ዘመን የተሸከመችው ነገር፣ እሱ ዘንድ ለካ እሷን ከራሱ አለመለየት ነበር።

«ምን ሆነሽ ነው ብዬ ላክሁብሽ» አለ ወንዳፍራሽ። «ምንም ነው ያልሽው። ለምን እንደተኮረፍኩ ሳላውቅ ፀጉሬ ሸበተ።»

«እውነትህን ነው። መናገር ነበረብኝ።» ድምፅዋ ቀጠነ። «ግን ወንዴ፣ መስማት ፈልጌ ነበር። አንድ ጊዜ መስማት ፈልጌ ነበር።»

ወንዳፍራሽ ከወንበሩ ተነሣ። የተነሣው እንደዚያ ጊዜ ንግግር ሊያደርግ አይደለም፤ ተቀምጦ ማለት ስላልቻለ ነው።

«እንግዲያው ስሚኝ እታለም» አለ። እታለም እያለ ነበር በልጅነቱ የሚጠራት። «እግሬ መሬት ሳይነካ በጀርባሽ ነው ዓለምን ያየሁት። እኔ ተምሬ ቢሮ የገባሁት አንቺ ትምህርትሽን ትተሽ ነው። አባዬን ቢሮ ውዬ መጥቼ ስጠይቀው፣ የታጠበ ሆኖ፣ የበላ ሆኖ፣ እየሳቀ ነበር የማገኘው። በራሱ የሚታጠብ ይመስለኝ ነበር መሰለኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ እታለም።»

ጋሽ ሐምዛ አንድ የቆመ ሰዓት አንሥተው ይጠርጉ ጀመር። የተጠረገውን መልሰው ይጠርጉታል።

አልጋነሽ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን አበሰች። ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበች። «ጋሽ ሐምዛ፣ ሙቅ ውሃ አለዎት?»

«ልትሸጡልኝ ነው ወይስ ልታላቅቁ?»

«ማስቲሽ ሙቅ ውሃ ይፈራል» አለች። መልሷ ይኸው ነበር።

ጋሽ ሐምዛ ሻይ የሚያፈሉበትን ውሃ በሳህን አቀረቡ። ሻምበሉ ከነእንጨቱ ገላውን ታጠበ። አልጋነሽ እንጨቱን ያዘች፣ ወንዳፍራሽ ሻምበሉን ያዘ። «ቀስ በል» ትለዋለች፤ «ቀስ እያልኩ ነው» ይላታል። «ወደ ግራ» ትለዋለች፤ «ግራው የትኛው ነው፣ የእሱ ወይስ የእኔ?» ይላታል። ጋሽ ሐምዛ ማየት ስላልቻሉ ወደ መንገዱ ዞረው ቆሙ። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። አንደኛው እግር ደህና ወጣ። የሌላው ጫማ ጫፍ ግን እንጨቱ ላይ ቀረ።

«ዋጋው ሄደ» አሉ ጋሽ ሐምዛ ሳይዞሩ።

ወንድምና እህት አልሰሙም። አልጋነሽ ዳመናን በሁለት እጇ ደግፋለች፤ ወንዳፍራሽ ሻምበሉን ወደ ኮርቻው አወረደው። ጠቅ አለ። ያ የጥንቱ ድምፅ ነው። ሻምበሉ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፤ ማስቲሽም፣ ጠርሙስም፣ ምንም ሳያስፈልገው። ዳመናም ባዶ ጀርባዋ ሲሞላ፣ ያ አስቀያሚ አፍንጫዋ ሳይቀር የሆነ ቦታ ለመሄድ የተዘጋጀ መሰለ።

«አባዬ ያውቅ ነበር» አለ ወንዳፍራሽ በቀስታ። «ለሁለት የከፈለልን አውቆ ነው።»

ጋሽ ሐምዛ መጥተው ለመጨረሻ ጊዜ አገላብጠው አዩት። «ጆሮዋ የተነከሰ፣ ጫማው የተቆረጠ፣ ጀርባዋ በስቴኪኒ የተጫረ። ለሰብሳቢ የሚሆን አይደለም። አልገዛም።»

«እኛም አንሸጥም» አሉ ሁለቱ ባንድ አፍ።

ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት በአባት ቦታ የተቀመጠው ወንዳፍራሽ ነበር። ጋሽ ሐምዛም ተጋብዘው ጎኑ ተቀምጠዋል። ቡፌው ላይ ሻምበሉ ዳመናን ጋልቧል፤ ስቴኪኒው ብርጭቆ ውስጥ ገብቷል። ሽማግሌዎቹ ቆመው ለመኑ፣ ተቀመጡ ተባሉ፣ ልጅቷ ተፈቀደች፣ እልልታው ቀለጠ። ወንዳፍራሽ ምስጋና ሊያቀርብ ተነሣ።

«ከሁሉ በፊት» አለ፣ «ይህችን ልጅ ያሳደገችውን፣ እኔንም ያሳደገችኝን፣ አባታችንን የጦረችውን እህቴን አልጋነሽን አመሰግናለሁ።»

ሰዉ ሁሉ ወደ አልጋነሽ ዞረ። አልጋነሽ የለችም። እንዲህ ስትጠብቀው የኖረችው ቃል ሲነገር እሷ ጓዳ ሆና ወጥ ታወጣ ነበር። ቤዛ ሮጣ «እማዬ፣ ስምሽ እየተጠራ ነው» አለቻት። ጭልፋዋን እንደያዘች ወጣች። በሩ ላይ ቆማ ወንድሟን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አልሰማሁም» አለች። «ድገመው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ወንዳፍራሽ ጉሮሮውን ጠረገና ደገመው። አንድ ቃል ሳያጎድል፣ ከበፊቱ ይልቅ ጮክ ብሎ ደገመው። እሷም እስኪጨርስ ጭልፋዋን ይዛ፣ ወጡ ወለሉ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ቆማ አዳመጠችው።

ወገኖቼ፣ የዚህ ታሪክ ቁም ነገር ይኸው ነው። ወንበር ያዋሰንን ማመስገን አይከብደንም። አዝሎ ያሳደገንን ግን የራሳችን ነው፣ ያውቀዋል እያልን እንዘለዋለን። የቅርብ ሰው የራሳችን ነውና ምስጋና አያስፈልገውም ማለት፣ ኮርቻን ቀዳዳ ነው እንደማለት ነው። የተከፋም ሰው ቢሆን «ምንም» ከማለት የከፋውን ይናገር፤ እሱ የተቀየመበት ነገር በሌላው ልብ ፍቅር ሆኖ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ማናችንም ለብቻችን እንድንቆም አልተሠራንም። ቆሜያለሁ የሚል ካለ እግሩ ሥር ያለውን ማስቲሽ ይመልከት። ተሸካሚም ብትሆኑ በጀርባችሁ የተቀመጠውን አመስግኑ፤ መንገዱን መንገድ ያደረገላችሁ እሱ ነው።

የእናንተ ዳመና ማን ናት? ዛሬ በሕይወት ካለች፣ ከወንዙ ማዶም ብትሆን ተሻግራችሁ ስሟን ጥሩት። ድገመው ካለቻችሁም ሳትሰለቹ ድገሙት። እናንተም ይህን ታሪክ ለተኳረፉ ሰዎች ንገሩልኝ።